ስንጥቁን ማን ይንገር?

አባታችን ያረፉበት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ታላቅ እኅቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ እናታችን ቤት ተሰብስበን የሐውልቱን ነገር አነሳን። እንደ ብዙው የከተማ ቤተሰብ ሐሳብ አላጠረንም፤ ያጠረን ገንዘብ ነው። እብነ በረድ ይሁን፣ ፎቶግራፍ ይግባበት፣ ዙሪያው በብረት ይታጠር ስንል አምሽተን ዋጋው ሲሰላ ሁላችንም ዝም አልን። በዝምታው መሐል የሦስታችንም ዓይን የሳሎኑ ጥግ ላይ አረፈ። እዚያ የአባታችን ሁለት ትልልቅ እስፒከሮች ቆመዋል።

ስለ እስፒከሮቹ ጥቂት ልበል። የእንግሊዝ ሥራ ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው አባታችን ከነሸክላ ማጫወቻው የገዟቸው። ቤታችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑም፣ ከፍሪጁም፣ ከእኔም ይቀድማሉ። በሰዓት እላፊው ዘመን በር ተቆልፎ፣ መጋረጃ ተጋርዶ በሹክሹክታ ይዘፍኑ እንደነበር እናታችን ትነግረናለች። የእኅቴ ሠርግ ዕለት ደግሞ መስኮቱ ተከፍቶ ሰፈሩን አስጨፍረዋል። ልጆች ሳለን የፊታቸውን ጨርቅ በጣት መንካት ቁንጥጫ ያስከትል ነበር። እንግዳ ቁጭ ብሎ ሙዚቃው ሲጀመር አባታችን ሳይናገሯት የማያልፏት አንዲት ቃል ነበረቻቸው፦ «ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ እጅ አልነካቸውም!»

ወንድሜ ገዢ ለማግኘት ሳምንት አልፈጀበትም። ገዢው ሸክላ የሚሰበስብ፣ የድሮ ዘፈን የሚወድ፣ ሥራ ከያዘ ብዙ ያልቆየ ወጣት ነው። በስልክ ሲነጋገሩ ወንድሜ የአባታችንን ቃል እንዳለ ደገመለት፦ «እጅ አልነካቸውም።» ዋጋው ተቆረጠ፤ ልጁም ቅዳሜ መጥቶ ሊወስድ ቀጠሮ ያዘ። ሐሙስ ማታ አቧራቸውን እንጥረግ ብለን የፊታቸውን ጨርቅ ስናነሳ ግን የግራው እስፒከር ጉድ ታየ። በትልቁ ኮን ዙሪያ ያለው ጥቁር የጎማ ጠርዝ በበጋ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አብዛኛው ስንጥቅ ላይ ላዩን የቀረ ነው፤ አንዱ ግን፣ የጣት አንጓ የሚያህለው፣ ዘልቆ ተቀድዷል። ሸክላ አስቀምጠን ስናዳምጥ ባሱ በመታ ቁጥር ከሥሩ እፍ የምትል ትንፋሽ ትሰማለች። ለካ ስንት ጊዜ ሰምተናት የሸክላው ጭረት መስላን ኖሯል።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አባታችንን በሕመማቸው ጊዜ ከሁላችንም በላይ ያስታመመው እሱ ነው። ስንጥቁን አየት አደረገና፣ «ይኼ ምን ችግር አለው?» አለ። «ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባ እናደርግበትና ጨርቁን እንመልሰዋለን። ልጁ የሚገዛው የሃምሳ ዓመት ዕቃ መሆኑን ያውቃል። ደግሞስ ለራሳችን ነው እንዴ? ለአባባ ሐውልት አይደል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማችሁም?»

እኅቴ መልስ አልሰጠችም። እናታችን ሰምታ እንዳልሰማች ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔም ያን ሌሊት ሐሳቡን ፈጽሞ አልጠላሁትም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ሌሊት ነው። የአሮጌን ዕቃ ጉድለት ሸፍኖ መሸጥ መዋሸት ነውን? አንድም የሐሰት ቃል ካልተነገረስ? ጠግኖ ዝም ማለትስ ቀብቶ ዝም ከማለት በምን ይለያል?

ነገሩን ለመመዘን አስቀድሞ ያ የጎማ ጠርዝ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ በየቤታችን ላለው እስፒከር መሠረቱን የጣሉት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተሙት ሥራቸው ነው። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሾጣጣ ኮን አለ። ከኮኑ ሥር ቀጭን ጥቅል ሽቦ ተጣብቆ ጠባብ በሆነ የማግኔት ክፍተት ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ኮኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል፤ አየሩን ይገፋል፤ እኛ ዘፈን እንሰማለን። ኮኑ ግን በአየር ላይ ሊንሳፈፍ አይችልም፤ ዳሩን ከብረት ማቀፊያው ጋር የሚያያይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ያ ማያያዣ ከመጠን በላይ ካጠበቀው ኮኑ አይንቀሳቀስም፤ ከመጠን በላይ ከለቀቀው ደግሞ መሐሉን ይስትና ሽቦው ከማግኔቱ ጋር ይፋተጋል። እንግዲህ የጎማው ጠርዝ ሥራ በአንድ ጊዜ መያዝም መልቀቅም ነው። ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 በዝግ ሣጥን ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ የሚጠቀም እስፒከር ካወጣ ወዲህ ደግሞ ኃላፊነቱ በዛ። ልስልስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አየር እንዳይሾልክም መዝጋት አለበት። የአባታችን እስፒከሮች የዚህ ዝርያ ናቸው። ያቺ እፍ የምትለው ትንፋሽም በስንጥቁ የሚሾልክ አየር ናት።

ጎማ ለምን ይሰነጠቃል? ጥሬ ጎማ ሲሞቅ የሚጣበቅ፣ ሲበርድ የሚሰባበር ነገር ነበር። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ከድኝ ጋር ሲያሞቁት ጥንካሬንና መለጠጥን አንድ ላይ እንደሚያገኝ ደረሰበት። ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ሰውዬው ከግኝቱ ሳይጠቀም ባለዕዳ ሆኖ በ1860 ሞተ። ያስተሳሰረው ሰንሰለትም ቢሆን ለዘላለም አይቆይም። የፀሐይ ጨረርና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ቀስ በቀስ ይበጥሱታል፤ በተለይም ጎማው በተለጠጠበት ቦታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ለሰው ቆዳም ለጎማም አትራራም። የግራው እስፒከር ደግሞ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ስንት ዓመት ቆሟል።

ዓርብ ጠዋት ለገዢው ደውዬ ቀጠሮውን በአንድ ሳምንት እንዲያራዝምልን ለመንኩት። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። ከዚያ ሁለቱንም እስፒከሮች በታክሲ ጭኜ መርካቶ ውስጥ ጠባብ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ወዳላቸው አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ሽማግሌው የግራውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ኮኑን በሁለት እጃቸው ጣቶች እኩል ገፋ፣ ለቀቅ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አይፋተግም። ልቡ ደኅና ነው» አሉ።

«ቀለም ብንቀባውስ ጋሼ?» አልኳቸው። ወንድሜን ወክዬ የጠየቅሁ ለማስመሰል ፈገግ አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቀለም መቀባት ጥገና አይባልም። እሱን ከፈለግህ ሊስትሮው እዚያ በር ላይ አለልህ።»

ከዚያ ዘርዝረው አስረዱኝ። ላይ ላዩን የተሰነጠቀውን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሙጫ በብሩሽ ሳሳ አድርጎ መቀባት ይቻላል። ዘልቆ የተቀደደውን ግን ከኋላው በስስ ጨርቅ ደግፎ በዚያው ሙጫ ማያያዝ ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ ጠርዙን እንዳለ አንሥቶ ከውጭ በሚመጣ አዲስ መተካት ነው። ይህኛው በኮኑ መሐል ያለችውን ክብ ክዳን መክፈት፣ ሽቦው መሐሉን እንዳይስት በክፍተቱ ዙሪያ ስስ ወረቀት መሸጎጥ፣ ሙጫውም እስኪደርቅ ሙሉ ቀን መታገሥ ይጠይቃል። «ሱፐር ግሉ ግን እንዳታስነካው» አሉኝ። «ሲደርቅ እንደ መስታወት ነው። በሚለጠጥ ቦታ ላይ ካረፈ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። ደግሞስ ነገ የሚከፍተው ሰው በምን አድርጎ ይክፈተው?»

«ነገ የሚከፍተው ሰው» ያሏት አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ የማስበው ስለሚገዛው ሰው ነበር፤ እሳቸው የሚያስቡት ከገዢውም በኋላ ስለሚመጣው ነው።

«ድምፁስ እንደ ድሮው ይሆናል?» አልኳቸው።

«አልዋሽህም፤ ትንሽ ይለወጣል። ሙጫም ክብደት አለው፤ ጠርዙም ትንሽ ደንደን ይላል። አንተ ላትሰማው ትችላለህ። ቁም ነገሩ ግን ጥንዱ ነው፤ ግራና ቀኝ እንደ መንታ እኩል ካልተናገሩ ዘፋኙ መሐላቸው አይቆምልህም። በል ቀኙን ገልጥልኝ፤ በሱ ልለካው።»

ጨርቁን አነሳሁት። የቀኙ ጠርዝ ልስልስ ያለ፣ አንዲት መስመር የሌለበት ነው። ኩራት ቢጤ ተሰማኝና፣ «ይኼኛውንስ እጅ አልነካውም» አልኩ። እሳቸው ባትሪ አብርተው ጎንበስ አሉ፤ ብዙም ቆዩ።

«ነክቶታል» አሉ በመጨረሻ። «ጠርዙ የተቀየረ ነው። ይቺን ክዳን አየሃት? በዙሪያዋ የሙጫ ቀለበት አለ፤ ፋብሪካ እንዲህ አያዝረከርክም። እዚህ ሥር ደግሞ የድሮው ሙጫ ሳይፋቅ ቀርቷል። የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው፤ ከሩቅ አይታወቅም። እኔም የፋብሪካ ነው ብዬ ግራውን በሱ ልለካ ነበር።»

ማን ሠራው? መቼ? አንድ ምልክት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ፊርማ የለም። አባታችን በዝምታ አስጠግነውት ይሁን፣ ወይስ ያ መምህር ሲሸጥላቸው ሳይነግራቸው ቀርቶ ይሁን ዛሬ የሚመልስልን ሰው የለም። ማታ እናታችንን ጠየቅኋት፤ እሷም የምታውቀው ያችኑ «እጅ አልነካቸውም» የምትለዋን ቃል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ወንድሜ ለገዢው «እጅ አልነካቸውም» ሲል አልዋሸም፤ የሚያምነውን ተናገረ። ምናልባት አባታችንም እንዲሁ። የተነገረው ነገር ግን ሐሰት ነው። አንድ የማናውቀው ሰው አንድ ጊዜ ዝም በማለቱ፣ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ለብዙ ዓመታት በቅን ልብ ሐሰት ሲናገር ኖረ። የተደበቀ ጥገና ከሚደብቀው ሰው ጋር አያበቃም፤ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ የማያውቁትን ሰዎች ሁሉ ያለ ፈቃዳቸው ዋሾ ያደርጋቸዋል።

ሻጭ ይናገር አይናገር የሚለው ጥያቄ ግን አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ የሁለት ስቶይክ ፈላስፎችን ክርክር ያወሳል። አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል። ቤቱ እንጨቱ የተበላሸ፣ በየመኝታ ክፍሉ እባብ የሚታይበት፣ ለጤናም የማይስማማ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። የባቢሎኑ ዲዮጋን መናገር የለበትም ባይ ነው፤ ገዢውን ማንም አላስገደደውም፤ ደግሞስ የራሱን ዕቃ ጉድለት በአደባባይ የሚለፍፍ ሻጭ ወዴት ይገኛል? የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ አለማሳየት ነውር ከሆነ፣ ዐውቆ ሰውን ወደ ስሕተት ማስገባት ከዚያም ይብሳል ይላል። ሲሴሮ ራሱ ወደ አንቲጳጥሮስ ያደላል። ዝም ያለ ሁሉ ደበቀ አይባልም፤ ነገር ግን አንተ የምታውቀውን፣ ማወቁም የሚጠቅመው ሌላው ሰው፣ ለራስህ ትርፍ ስትል እንዳያውቅ ከፈለግህ ደብቀሃል የሚል ነው ፍርዱ።

የአገራችንም ሕግ ይህን አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን ዋስ አያደርገውም። የሕጉ መንፈስ ለእኔ እንዲህ ይነበባል፤ ጉድለቱን ከተናገርክ ሸክሙ ከትከሻህ ይወርዳል፤ ከደበቅኸው ዕቃው ቢሄድም ሸክሙ አንተው ዘንድ ይቀራል።

ወንድሜ ግን በሲሴሮም በሕግም የሚረታ አልሆነም። በመጀመሪያ ገበያውን አነሳብኝ። «ሁሉም ይቀባል» አለኝ። «ገዢም ሁሉም እንደሚቀባ ያውቃል፤ ዋጋ የሚቆርጠውም ይህን አስቦ ነው። አንተ ብቻህን ስትናገር ሁለት ጊዜ ትቀጣለህ።» ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው፣ በኋላም በ2001 የኖቤል ሽልማት ለመሸለሙ ምክንያት ከሆኑት ሥራዎቹ ዋነኛ በሆነው ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነው። ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲጽፍ፣ ገዢ ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የብልሹ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅና ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ አይፈልግምና ከገበያው ይወጣል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ብልሹው ነው ይላል። እንግዲህ «ሁሉም ይቀባል» ማለት በሽታውን መናገር እንጂ መድኃኒቱን መናገር አይደለም። ሁሉም የሚቀባበት ገበያ ውስጥ የጨመርነው አንድ ቀለም የእኛን ስንጥቅ ብቻ አይሸፍንም፤ የሌላውን ሰው ንጹሕ ዕቃም ያስጠረጥራል።

ሁለተኛው ክርክሩ ግን ከቤታችን የወጣ ነበርና በረታብኝ። «እኛ አገር ገመና መሸፈን ነውር ነው እንዴ?» አለ። «እማዬ የትምህርት ቤት ሱሪያችንን ስትጥፍ ማንም እንዳያይ አይደለም እንዴ ከውስጥ የምትሰፋው? ዋሽታ ነበር? አሁን ደግሞ ቀኙም የተጠገነ ነው ብለህ ስትናገር አባባን ውሸታም ልታደርገው ነው? ገና ሐውልቱ ሳይቆም?»

መልስ አልነበረኝም። እናታችን በኩራዝም በመብራትም ሥር ቁጭ ብላ፣ ጥፉን በውስጥ በኩል አድርጋ፣ የክሩን ቀለም ከሱሪው ጋር አመሳስላ ስትሰፋ ዓይኔ ላይ መጣች። ያደግነው በተሰወረ ጥገና ነው። የሰው ጉድ ሰምቶ በሆድ መያዝ፣ እንግዳ ሳያውቅ ከጎረቤት እንጀራ መበደር፣ የተጣሉ ባልና ሚስት በሰው ፊት እንዳልተጣሉ ሆነው መቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ከጨዋነታችን የሚቆጠር ነው። ስንጥቅ ሁሉ በአደባባይ ይነገር ቢባል ከመካከላችን ማን ቀና ብሎ ይሄዳል?

መልሱን ያገኘሁት ግን ከዚያው ከእናታችን መርፌ ነው። እናታችን የሸፈነችው የልጆቿን ኀፍረት ነው። ጥፉን ያላወቀው የክፍል ጓደኛችን ምንም አልተጎዳም፤ ከኪሱ የወጣ የለም። እኛ ለባሾቹ ደግሞ ጥፉን እናውቀዋለን፤ ዛፍ ላይ ስንወጣ በየትኛው ጉልበት መንበርከክ እንደሌለብን ተነግሮናል። በገመና ላይ የሚጣለው መሸፈኛ ስንጥቁ ያለበትን ሰው ከኀፍረት ያድናል። በሽያጭ ላይ የሚጣለው መሸፈኛ ግን ስንጥቁን ከባለቤቱ ላይ አንሥቶ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ይጭናል። ስለዚህ የሚጠየቀው መሸፈኑና መገለጡ ብቻ አይደለም፤ የተሸፈነው ማንን ለማዳን ነው? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው?

የአባታችንም ነገር በዚሁ ሚዛን ይታያል። እሳቸው የተናገሩት ምናልባት ስሕተት ነበር፤ ለእንግዳ በኩራት የተነገረ፣ ማንንም ያላከሰረ ስሕተት። እኛ ግን ዛሬ ዐውቀናል። ያችኑ ቃል ዐውቀን፣ በገንዘብ ለውጠን ብንናገራት የእሳቸው ስሕተት የእኛ ውሸት ይሆናል። ስማቸውን የምናስጠብቀው ቃላቸውን በመድገም ሳይሆን ቃላቸው ሐሰት መሆኑን ካወቅን በኋላ ባለመነገድ ነው።

ፈላስፎች ስለ ጥገና ሲነሣ ፕሉታርክ የተረከውን የቴሴዎስን መርከብ ያነሳሉ። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩት ስለነበር መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ የሚል ክርክር ተነሣበት። እኔን ከክርክሩ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሳንቃው መተካቱን ሁሉም ያውቁ ነበር! ባያውቁ ኖሮ የሚከራከሩበትም ባልኖራቸው። መርከቡ ያው ይሁን ሌላ፣ ስለ እሱ የሚነገረው ታሪክ እውነት ነበር። የእኛ የቀኙ እስፒከር የጎደለው ይህ ነው፤ ሳንቃው ደኅና ነው፤ የጠፋው ታሪኩ ነው።

የጥንት ሥዕልና ሐውልት የሚጠግኑ ሰዎች ይህን የሙያ ሕግ አድርገውታል። በሮም የተቋቋመውን የጣሊያን የጥገና ተቋም በመጀመሪያ የመራው ቼዛሬ ብራንዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ጥገና ከሩቅ ሲያዩት የሥራውን አንድነት የማይሰብር፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ጥገና መሆኑ የሚለይ እንዲሆን፣ ለወደፊት ጠጋኝም መንገድ እንዳይዘጋ ያስተምራል። ብራንዲን ሳያነቡ ይህን የሚያውቁ ደግሞ በአገራችን ነበሩ። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው አይቶታል። ብራናው ሲዘጋጅ የተቀደደ ቦታ ይሰፋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱ ወይም ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ዘሎት ቃሉን ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል። ስፌቱን የሚደብቅ የለም፤ ስፌት አየሁ ብሎ መጽሐፉን የሚንቅም የለም።

ሽማግሌው ሥራውን በአምስት ቀን ጨረሱ። የግራውን ስንጥቅ በሙጫ ሳሳ አድርገው ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ የተቀደደውን ከኋላ በጨርቅ ደገፉት። ቀኙን አልነኩትም። ሣጥኑን ከመዝጋታቸው በፊት ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አንሥተው በውስጠኛው እንጨት ላይ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ግራው እንዴት እንደተጠገነ፣ ቀኙም ማን እንደሆነ ባልታወቀ ሰው ጠርዙ የተቀየረ መሆኑን። «ይህን ሁልጊዜ ይጽፋሉ?» አልኳቸው። ጥያቄዬ ገረማቸው። «ሐኪም ካርድ አይጽፍም እንዴ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ልጁ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስንጥቁን፣ ጥገናውን፣ በስልክ የነገርነው ቃል እውነት እንዳልነበረ። ወንድሜ እጁን አጣጥፎ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ልጁ ለጊዜው አልተናገረም። ከአባታችን ሸክላዎች አንዱን መርጦ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በትሕትና፣ «እኔ በዚያ ዋጋ የተስማማሁት እጅ አልነካቸውም ስላላችሁኝ ነው» አለና ሲሶውን ቀነሰ። ወንድሜ ሊከራከር ሲል እናታችን ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ስጠው ልጄ» አለችው። «ድንጋዩ ቢያንስ ምን አለ?»

ድንጋዩ አነሰ። እብነ በረዱም፣ የብረት አጥሩም ቀረ። ወንድሜ እስከ ዛሬ፣ «ያቺ አፍህ እብነ በረድ በላች» ይለኛል። ቅሬታውን አላቃልልም። እውነት መናገር ትርፍ ያመጣል ብለው የሚሰብኩ ሰዎች አሉ፤ እኛ ያየነው ግን ሲሶ መጉደሉን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የሚያስከፍለውን ማንም አይመልስልንም። ይህን ሸሽጎ ስለ ሐቀኝነት መጻፍ ራሱ ስንጥቅ ላይ ቀለም መቀባት ይሆናል።

ሐውልቱ ላይ ምን ይጻፍ ስንባል በመጀመሪያ ትልልቅ ቃላት መጥተውልን ነበር። በመጨረሻ ስማቸውን፣ የተወለዱበትንና ያረፉበትን ዓመት ብቻ አስጻፍን። በርግጠኝነት የምናውቀው ይህን ነበር።

እስፒከሮቹ አሁን የማላውቀው ቤት ውስጥ ይዘፍናሉ። አንድ ቀን ጎማው እንደገና ይሰነጠቃል፤ ጎማ ነውና። የዚያን ጊዜ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው በእርሳስ የተጻፈችውን ያገኛታል። ስንጥቁን ማን ይንገር? መጀመሪያ ያየው ሰው ይንገር። እሱ ዝም ካለ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እውነቱን መናገር ቢፈልግ እንኳ የሚናገረው አይኖረውም።